የጾምና የፍስክ ጉድጓድ

ከፋሲካ ማግስት የልጅ ልጄ ቤተልሔም ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል በባጃጅ አስጭና መጣች። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው፤ አዲስ ነገር ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትሞክረው እኔ ቤት ነው። «እማማ፣ ከእንግዲህ የኩሽና ጥራጊ በፌስታል ታስሮ ከደጅ አይወጣም፤ እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው» አለችኝ። ለመነሻ እንዲሆን ከጓደኛዋ ጓሮ ያመጣችውን የበሰለ ብስባሽ ከሥሩ ደፋችበት። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እርጥብ አመድና የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር አንድ ላይ ይሸታል። እሷ እንደ አስተማሪ ጣቷን እያጠፈች ቀጠለች፤ «የድንች ልጣጭ ይገባል፣ የጎመን ግንድ ይገባል፣ የሻይ ቅጠል ይገባል። ሥጋና ቅቤ ግን አይገባም።» «የእንቁላል ቅርፊትስ?» አልኳት። «እሱማ በደንብ ይገባል!» «በጾምም?» ስላት እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «እማማ ደግሞ! በርሜል ይጾማል እንዴ?» እኔ አልሳቅኩም። በርሜሉን እንጃ፤ የጾመ ጉድጓድ ግን አውቃለሁ። ያስጾምኩትም እኔው ነኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። እኔ ዘመን የምቆጥረው በልጆቼ ነው፤ ደርግ ገብቶ፣ ትርፍ ቤት ተወርሶ፣ ሁለተኛው ልጄ ዳዴ ማለት የጀመረበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ከአሁኗ ጠበብ ያለች ነበረች። ከጃንተከል ዋርካ ተነስቶ ፒያሳን አቋርጦ ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ሰላምታ ካልበዛ ብዙ አይፈጅም፤ ሰላምታው ግን ይበዛል። ፒያሳ ላይ ካሉት የጣልያን ፎቆች በአንዱ ሰገነት ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ከጠዋት ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ይለቅ ነበር። ግጥሙ አይጥመኝም፤ ምቱ ግን ለዶማ ይመቻል፤ ስቆፍር ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ። ወጣቱ ካኪ ይለብሳል፣ ሴቱ ቴትሮን ቀሚስ፣ ልጁ ሁሉ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል፤ ሲበጠስ ግን በጋለ ቢላዋ መልሶ ይጣበቃል፤ እኔ ራሴ ስንቱን አጣብቄአለሁ። እንቁላል አምስቱ በስሙኒ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ገዢ ስለሚጠፋ ስድስትም ሰባትም ይሰጣሉ፤ ዶሮ እንደሆነች ጾም አታውቅም፣ መጣሏን አታቆምም። የእንቁላሉን ነገር ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ኋላ ይመጣል።

የምንኖርበት ግቢ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ በስተግራ ነበር። ዛሬ ያ ቦታ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል፤ ምድር ቤቱ የስልክ ሱቅ ነው፤ ሳልፍ ቆም ብዬ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ልጅ ገዢ መስዬው ይነሳል። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ ሦስት የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ሦስቱም የእትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ አዋጁ ሲወጣ አንዱ ቀረላቸው፣ ሁለቱ የቀበሌ ሆኑ። እትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ያልነበራቸው፣ ረቡዕና ዓርብ የማይስቱ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ እንደ ወረቀት የነጣ ሴት ነበሩ። በአንደኛው የቀበሌ ቤት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር በወር አንድ ጊዜ አቧራ ለብሶ ይመጣል። በሌላው ዘሐራ ነበረች። ከእኔ በአንድ ሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ከደንቢያ የመጣች፣ አንደበቷ እንደ ሚጥሚጣ የሆነ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ያሏት። ባሏ በመተማ በኩል እንደወጣ አልተመለሰም፤ ስለ እሱ አንጠይቃትም፣ እሷም አታነሳም። ሦስት ዶሮዎች ነበሯት። ጎመንና ቃሪያ ከሰው እየተረከበች በቅዳሜ ገበያ ትቸረችራለች፤ በዚያ ነው ልጆቿን የምታበላው።

አንድ ቀን ከቀበሌው አንዲት ካኪ የለበሰች ረዥም ሴት መጣችና እየዞረች ግቢውን አየች። ሁሉም ባዶ መሬቱን በአትክልት ያለማል፤ ከሁዳዴ ማለቂያ በፊት ተመልሳ ታያለች፤ አረንጓዴ ያልሆነ መደብ ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል አለች። መሬቱን በገመድ ለክታ ለየቤቱ አንድ አንድ መደብ አደለች። እትዬ ጥሩወርቅ የገዛ መሬታቸውን አንድ ሦስተኛ ከሌላ እጅ ሲቀበሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ገቡ፤ በሩ ሲዘጋ ግን ድምፁ ከበድ ይል ነበር። ለዘሐራ ይህ መደብ ትልቅ ነገር ነበር። ከእንግዲህ ጎመን ከሰው ሳትረከብ የራሷን ልትሸጥ ነው። መሬቱ ግን መሬት አልነበረም። ጣልያን በጊዜው ማኪና ያቆምበት የነበረ ቦታ ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት ጠጠር ይጮሃል፣ ከጠጠሩ ሥር የቆየ የዘይት ሽታ ይወጣል። መጀመሪያ የተከልነው ጎመን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ድሮ ወረቀት ቢጫ ሆኖ ቀረ። ማዳበሪያ በጆንያ የሚመጣው ለገበሬ ማኅበር ነው፤ ለከተማ ሴት ማን ይሰጣል?

መላውን ያመጣችው ዘሐራ ናት። «እናቴ ለቃሪያዋ ከኩሽና የሚወጣውን ነው የምታበላው። ጉድጓድ ቆፍረን እናብላላዋ!» አለች። እኔ ኮሶዬ ተወልጄ ያደግኩ የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ትንሽ ናቅ አደረግኳት። እኛ ዘንድ አመድና ጥራጊው ከቤት ጀርባ ይደፋል፣ ጎመኑም እዚያው ደልቦ ይበቅላል፤ ይህ መላ ነው ብሎ ያወራ ሰው የለም። እሷ ግን ሥርዓት ነበራት። ጉድጓዱ እስከ ወገብ ይቆፈራል፤ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል፣ ከላዩ ልጣጭ፣ ከላዩ አመድ፣ ደግሞ ቅጠል። ሳሙና ያልነካው የዕቃ እጣቢ ይርከፈከፍበታል፣ በጆንያ ይሸፈናል፣ በየሳምንቱ በአካፋ ይገለበጣል። እትዬ ጥሩወርቅ ሐሳቡን ወደዱት፤ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «እኛ በጾም የምንበላውን ጎመን የፍስክ ነገር በልቶ እንዲያድግ አልፈልግም። በሁዳዴ ሥጋም ቅቤም እንቁላልም ከዚህ ጉድጓድ አይግባ።» ዘሐራ ሳታመነታ «ቃሌ ነው፤ በጾማችሁ ከኔ ቤት የፍስክ ነገር አይገባበትም» አለች። ዛሬ ለቤተልሔም ይህን ብነግራት አፈሩ ምን አገባው ትለኛለች። ለኛ ያገባው ነበር። ጎመኑ ጉድጓዱን ይበላል፣ እኛ ጎመኑን እንበላለን፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ አልነበረም።

ጉድጓዱን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ማዳላት ስለማልወድ ራሴው ገባሁበት። የሚገለብጠው ተራ አለው፣ የበሰለው ሲወጣ በዱቄት ወተት ጣሳ እየተሰፈረ እኩል ይታደላል፤ አፉን አስተካክዬ በእንጨት እጠርገዋለሁ እንጂ ክምር አልሰፍርም። «ዘነበች፣ ቆሻሻ እኮ ነው የምትሰፍሪ፣ ጤፍ መሰለሽ እንዴ?» እያለች ዘሐራ ትስቅብኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ያወቅሁት ነገር፣ የሰው ቤት በሚጥለው ነገር እንደሚታወቅ ነው። ከኔ ቤት የድንች ልጣጭ ይበዛል፤ አባቴ ከኮሶዬ ድንች ይልክልኛል። ከዘሐራ የሽንኩርት ቅርፊትና ገበያ ላይ የጠወለገ ቅጠል። ከእትዬ ጥሩወርቅ የምስር እጣቢና የጠላ አተላ። ማታ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል እየለየሁ ነበር፤ ከፊደሉ በፊት ግን ማንበብ የለመድኩት ያን ጉድጓድ ነው ብል አላጋነንኩም። በጥር መጨረሻ ከሥሩ ያወጣነው ጥቁር፣ እንደ ቡና ዱቄት የሚበተን፣ ሸጋ ነገር ነበር። ጠጠሩ ላይ ደልድለን ችግኙን ስንተክል በሦስቱም መደብ ቀና አለ። ብዙው የበሰለ ግን ገና ከሥር ነበር፤ ለሁለተኛው ዙር አቆየነው።

ሁዳዴ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ጉድጓዱን ስገለብጥ ከሽንኩርት ቅርፊት ሥር አራት የእንቁላል ቅርፊቶች አየሁ። ገና ነጭ ናቸው። አንዱ በአንዱ ውስጥ እንደ ሲኒ ተሰክተው ነበር። ደሜ ፈላ። በግቢው ውስጥ ዶሮ ያላት አንዲት ሴት ናት። አካፋውን እንደያዝኩ ወደ በሯ ሄድኩ።

«ዘሐራ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የእንቁላል ቅርፊት» አለች፤ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

«ቃልሽስ?»

«ቃሌ ምን ሆነ? የኔ አይደለም። የኔን ቅርፊት ወቅጬ ለዶሮዎቼ ነው የምሰጠው፣ ቅርፊቱ የሚጠነክረው በሱ ነው። ነይ ሙቀጫውን እዪ።»

«ታዲያ ዶሮ ያለው ማነው፣ እኔ ነኝ?»

«እኔ ዶሮ አለኝ። ቃልም አለኝ» አለችና ወደ በርበሬዋ ዞረች።

ሙቀጫውን አላየሁም። ማየት ነበረብኝ፤ አሥር እርምጃ ነበር። ቀጥ ብዬ እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄጄ በንዴት ነገርኳቸው። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ጣታቸው ቆመ። ሳል ያዛቸው፤ ያን ሰሞን ያስላቸው ነበር። ሳላቸው ሲያበቃ «ተይው፣ ዘነበች። ቅርፊት ነው፤ አፈር ይበላዋል» አሉኝ። እሳቸው፣ ለአንድ ጠብታ ወተት ሠራተኛ የሚያባርሩት ሴት፣ ተይው አሉኝ! ደግነት መሰለኝ። «አልተውም፣ እትዬ። ቃል ቃል ነው» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እዚያው ቆሜ ፈረድኩ። ሁለት ጉድጓድ ይሆናል፤ አንዱ የጾም፣ የኔና የእትዬ ጥሩወርቅ፤ አንዱ የፍስክ፣ የዘሐራ። አሮጌው ጉድጓድ ከነበሰለው የኛ ነው፤ እሷ በአዲስ ትጀምር። እኩል መስሎኝ ነበር፤ ለያንዳንዱ የየራሱ። ወጥቼ ለዘሐራ ስነግራት ግን ዓይኗን ሳይ ድፍረቴ ቀነሰና፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው ያልወደዱት» አልኳት። ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ። እኔ ያልኩት ነው፤ እሳቸው ያሉት ተይው ነበር።

ዘሐራ አልተከራከረችም። በመደቧ ጥግ ብቻዋን ቆፈረች። የአንድ ቤት ልጣጭ ጉድጓድ አይሞላም፤ ሳይሞላም አይሞቅም፤ ሳይሞቅም አይበስልም። ለሁለተኛው ዙር እኛ ከሥር ጥቁሩን አውጥተን ለመደቦቻችን አለበስን። የሷ ጎመን መጀመሪያ ከጠርዙ፣ ከዚያ ከመሐሉ ቢጫ ሆነ። ከሠላሳው ዘጠኝ ቀረ። ካኪ ለባሿ ሴት በመንገድ ስታልፍ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ይኼኛው መደብ የማነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ዘሐራ «የኔ ነው» አለች። «እስከ ሆሳዕና እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ያለማዋል» አለችና ሄደች። የዘሐራ ትልቋ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦኖ በቆርቆሮ ውኃ እየተሸከመች ጠጠሩን ታጠጣ ነበር። እኔም አያለሁ። ቃሉን ያፈረሰ ሰው የሚያገኘው ነው እያልኩ አያለሁ።

ከዚያ አምስት ሳምንት ቆይቶ የጾሙን ጉድጓድ ስገለብጥ ሦስት ቅርፊት አገኘሁ። ነጭ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካ፣ ከምስር እጣቢ ሥር ተጠቅጥቆ የተቀበረ። አካፋውን ተክዬ ቆምኩ። ዘሐራ ከተለየች ወር አልፏታል፤ ወደዚህ ጉድጓድ ቀርባ አታውቅም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። ልጆቼ እንቁላል ቢያገኙ ቅርፊቱን እንዲህ አይሰኩም፣ ይረግጡታል። ይህ የጠንቃቃ ሰው እጅ ነው። ከኔ ሌላ እዚህ ጉድጓድ ላይ የሚጥለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የምስሩም እጣቢ ይመሰክራል።

ቅርፊቶቹን በመዳፌ ይዤ ገባሁ። እትዬ ጥሩወርቅ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። እጄን ሳልዘረጋ አወቁ።

«ሳንባዬ ነው» አሉ። «ሆስፒታል መድኃኒት ሰጥተው ወተትና እንቁላል ካልበላሽ መድኃኒቱ ይጥልሻል አሉኝ። የንስሐ አባቴም ፈቅደውልኛል።»

«ከተፈቀደልዎ ምን ያሳፍራል?»

«እኔ እኮ ጾም የገደፈን ሰው ሁሉ ስሰድብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቤቴን ወሰዱ፣ መሬቴን በገመድ ለኩ። የቀረኝ ስሜ ነው፣ ልጄ።»

«ስምዎ የተጠበቀው በዘሐራ ስም ነው፣ እትዬ! መደቧም ሊሄድ ነው። ምነው ያን ዕለት ዝም አሉ?»

«ተይው አላልኩሽም?» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ብለውኛል። ቢሆንም አልለቀቅኳቸውም፤ «እኔ አልናገርብዎትም። እርስዎ ግን ይነግሯታል» ብዬ ወጣሁ። እኔ ራሴ ለዘሐራ የምነግራት ነገር እንዳለኝ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ሰው የሌላውን ዕዳ ሲያይ እንዲህ ነው የሚያደርገው መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አካፋ አንስቼ ከጾሙ ጉድጓድ ሥር የቀረውን ጥቁር በሙሉ አውጥቼ ወደ ዘሐራ መደብ ተሸከምኩ። ጎመኗ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ምነው? ጾም ተፈታ እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው፣ ዘሐራ።»

«በምን?»

አልናገርብዎትም ብዬ ለእትዬ ጥሩወርቅ ቃል ገብቻለሁ።

«በምን፣ ዘነበች? ቃሏን በላች ተብያለሁ። ልጆቼ ሰምተዋል። እኔ ካልበላሁት ማን እንደበላው ንገሪኝ። ካልሆነ ብስባሽሽን ከነአካፋሽ አንሺልኝ። የኔም ጎመን የማይበላው ነገር አለ።»

አንስቼ መመለስም፣ መድፋትም አቅቶኝ ቆምኩ። ለሆሳዕና የቀረን አራት ቀን ነበር። የእትዬ ጥሩወርቅ በር ሲጢጥ ሲል ሁለታችንም ዞርን። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሰፌድ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በየእርምጃው እያረፉ መጡ። ሰፌዱ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ነበር፤ እኔ መጀመሪያ ቅርፊት ካገኘሁ ወዲህ ለመጣል ፈርተው አልጋቸው ሥር ያጠራቀሙት። በዘሐራ መደብ ዳር ተንበረከኩ። ቅርፊቱን በደረቀ እጃቸው እየጨፈለቁ በቢጫው ጎመን ሥር መበተን ጀመሩ። ዘሐራ ሰፌዱን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች።

«እንዲህ ትልልቁን አይወድም፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ይወቀጥ።» ገብታ ሙቀጫዋን አወጣች። በሙቀጫው ጥግ ነጭ የቅርፊት ዱቄት ተጣብቆ ነበር፤ ያን ዕለት አሥር እርምጃ ሄጄ ማየት ያልፈለግሁት። እየወቀጠች «ከሳልዎ ነው?» አለቻቸው። «ሐኪም ነው ያዘዘኝ።» «ታዲያ ምነው ከኔ አይገዙም? ከሆስፒታል መንገድ የሚሸጡት የቆየ እንቁላል ነው፤ እኔ የዛሬውን እሰጥዎት ነበር።» እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁም አለቀሱም፤ ከሳሉ ጋር አልለይ አለኝ።

ብስባሽ በአራት ቀን ቢጫውን አረንጓዴ አያደርግም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፀሐዩ ሲበርድ ቆጠርኩ። በኔና በእትዬ ጥሩወርቅ መደብ ሠላሳ ሠላሳ አለ፤ በዘሐራ ዘጠኝ። ከየመደባችን ሰባት ሰባት ከነአፈሩ አነሳንና እሷ ዘንድ ተከልን። ጥቁሩን ብስባሽ በጣሳ ሰፈርኩለት፤ የመጀመሪያ ጊዜ ክምር ሰፈርኩ፤ ዘሐራ አይታ ጣሳውን ተቀበለችኝ። ካኪ ለባሿ ሴት ሆሳዕና ሳይደርስ ሐሙስ ዕለት መጣች። የተነቃቀለው ጎመን ገና አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው? የሁለታችሁ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ አሁን ሁሉም ሳሳ» አለች።

«እኩል አድርገነዋል፣ ጓድ» አልኳት።

«ማን አዘዛችሁ?»

«በየስብሰባው እኩልነት የምትሉን እናንተ አይደላችሁም? ይቁጠሩ፤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት። የሚነጥቁ ከሆነ ሦስቱንም ይንጠቁ፤ የሚተዉ ከሆነ ሦስቱንም ይተዉ።»

እውነትም ቆጠረች፤ ጣቷን እየቀሰረች ሦስቱንም መደብ ዞረች። ከዚያ ወደ ዘሐራ ዞራ «ጎመንሽ ምነው እንዲህ ጠወለገ?» አለቻት። ዘሐራ ፊቷን ሳትለውጥ «ስብሰባ ውሎ ነው» አለች። ሴትዮዋ ከንፈሯን ነከሰች፣ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ሦስቱም ለምተዋል» ብላ ጻፈችና ወጣች። ከፋሲካ በኋላ ዘሐራ የራሷን ጎመን ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ አወጣች። ጉድጓዱም እንደገና አንድ ሆነ፤ በሚቀጥለው ሁዳዴ የእንቁላል ቅርፊት በግልጽ ይገባበት ነበር፤ እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው ወቅጠው ነበር የሚያመጡት። ሁለት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ ዘሐራ ከኔ ይበልጥ አለቀሰች።

እኔ ግን ያን ቃል አላነሳሁትም። «እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው ያልወደዱት» ያልኩትን። በመጀመሪያ ጊዜው አልመች አለኝ፤ ከዚያ እሳቸው ሞቱ፤ ከዚያ ግቢው ፈረሰና ተበታተንን፤ ከዚያ ዘመኑ ራሱ ተለወጠ። በዕድር፣ በቀበሌ፣ በልጆቼ ቤት ማዳላት ባየሁ ቁጥር የምጮህ ሴት ነኝ፤ ሰው ሁሉ ዘነበች ፍርድ አታጓድልም ይላል። እንዲህ ሲሉ ሁልጊዜ ያቺ ቃል ትታወሰኛለች። የቤተልሔም በርሜል በሦስት ወሩ በስሎ ክዳኑን ስከፍት ያው ጥቁር፣ ያው ሽታ ሆኖ ስላገኘሁት አንድ ባልዲ ሞላሁና በባጃጅ አዲስ ዓለም ሰፈር ሄድኩ። ዘሐራ እዚያ ከትንሿ ልጇ ጋር ነው የምትኖር። ጉልበቷ ደክሟል፤ አንደበቷ እንዳለ ነው። በረንዳዋ ላይ በዘይት ጄሪካን የተተከለ ቃሪያ አላት።

ባልዲውን አስቀምጬ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ዘሐራ፣ ያን ጊዜ ሁለት ጉድጓድ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ተይው ብለውኝ ነበር። በሳቸው ላይ ያላከክሁት ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ግድግዳው ጭቃ ነበር፣ አንቺም ስትቆጪ ድምፅሽ ፒያሳ ድረስ ይሰማል። ‹አልተውም፣ እትዬ› ስትይ በጆሮዬ ሰማሁሽ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልሽ? ቃሉ ያንቺ ነበር፤ መናገሩም ያንቺ ነው። ዛሬ መጣሽ፤ ሸጋ።» ጎንበስ ብላ እጇን ባልዲው ውስጥ አስገባች፤ ጥቁሩን ዘግና አሸተተችው፣ በጣቶቿ መሐል አፈሰሰችው፣ ቀሪውን በመዳፏ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«የእንቁላል ቅርፊት ያንሰዋል» አለች።